ቅዳሜና እሁድ በማሊክ አምባር ሀገር

ህንድ የኖረ ወይም ለሕክምና ደርሶ የተመለሰ ሐበሻ «የት የት አየህ?» ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ታጅ ማሃልን ነው። ደግ አደረገ፤ ታጅ ማሃል ሳይታይ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ከዴልሂና ከአግራ ርቆ በምዕራብ ህንድ ስላለው ስለ ማሃራሽትራ ግዛት ነው። እዚህ ባሕር መሀል የቆመ ምሽግ አለ፤ ለዘመናት የገዙት ከእኛ አካባቢ የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ማሊክ አምባር የሚባል ኢትዮጵያዊ የቆረቆራት ከተማ አለች፤ ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ቤተ መቅደስም አለ፤ ላሊበላን ያየ ሰው ፊቱ ሲቆም ቃል ያጥረዋል። ሁሉም ከፑኔ ወይም ከሙምባይ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ እሁድ ማታ መመለስ የሚቻልባቸው ቦታዎች ናቸው። ቤተሰብ ይዘን እዚህ ያለን ሐበሾች ዕረፍታችንን ሁሉ ሞል ውስጥ ስንጨርስ ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ባለቤቴ ለዶክትሬት ትምህርቱ ወደ ፑኔ ሲመጣ እኔና ልጆቻችንም አብረን መጣን። ፑኔ የተማሪ ከተማ ናት። ሐበሻም አይጠፋባትም። ከፊት ለፊታችን በር የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ሦስት ትውልድ በአንድ ቤት ናቸው። ትልቋን እናት ልጆቼም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «አጂ» ይሏቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ስለ ጉዞ ያስተማሩን እሳቸውና ቤተሰባቸው ናቸው።

እኛ ሀገር ቤት ሳለን ቤተሰቡ ሁሉ መንገድ የሚወጣው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ነበር። ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሄዶ ሐይቅ ዳር ማደር አሁን አሁን ተለምዷል። አያቱን ይዞ ታሪክ ለማየት የሚወጣ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። የህንድ ቤተሰብ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል። አያት፣ አጎት፣ የአጎት ልጆች፣ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ሳይቀር። «ለሽማግሌ ይከብዳል» ብሎ ነገር የለም። አጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግን ኮረብታ ላይ ምሽግ አለ ከተባለ ቀድመው የሚለብሱት እሳቸው ናቸው። ደረጃው ሲበዛባቸው ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ወጥተው ሲመለሱ ያዩትን ያስወሯቸዋል። ልጆቹ ያዩትን በደንብ የሚያስተውሉት ለአጂ መንገር ስላለባቸው ነው ብዬ አስባለሁ።

ስንቁ ደግሞ ሌላ ነው። እርስ በርሱ የሚደራረብ የብረት ምሳ ዕቃ ይከፈታል፤ ውስጡ ቴፕላ አለ፣ የሽንብራ ዱቄትና ቅመም የገባበት፣ ለቀናት የማይበላሽ ስስ ቂጣ። የማንጎ አቻር አለ። የተቆላ ሩዝና ለውዝ አለ። እኛም በሶና ዳቦ ቆሎ እንይዛለን። ባቡር ላይ ከሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር ሳይቀር ይካፈሉታል፤ አንድ ጣቢያ ሳያልፍ ዳቦ ቆሎዬ ከዘጠኝ ሰው እጅ ይደርሳል። ይህ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም በዚህ ሀገር ከሁሉ ፈጥኜ የተላመድኩት የባቡር ጉዞን ነው።

ጥር ላይ እማዬ ለዓይኗ ሕክምና ከወልድያ መጣች። ሐኪሟ ሲያሰናብታት «ምን ላሳይሽ?» አልኳት። «አንቺ የምትወጂውን» አለችኝ። ስለዚህ ማሊክ አምባር ወደቆረቆራት ወደ አውራንጋባድ ይዣት ሄድኩ። ከተማዋ በ2023 ስሟ በይፋ ወደ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተቀይሯል፤ በአፍ ግን ብዙ ሰው በድሮው ስሟ ይጠራታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሹፌር ያለው መኪና ተከራየን። ከፑኔ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሻይ እየጠጡ፣ ልጅ እያናፈሱ አምስት ሰዓት ይፈጃል።

መንገዱ በ2024 ስሟ ወደ አሂልያናጋር በተቀየረው በአሕመድናጋር በኩል ያልፋል። እማዬ መስኮቱን ከፍታ የሸንኮራ አገዳ የጫኑ የበሬ ጋሪዎችን እያየች ነበር። እኔ ደግሞ ለልጆቹ እዚህ ከተማ ስለኖረው ሰው አጫውታቸው ጀመር።

ማሊክ አምባር የተወለደው በ1548 አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቻፑ ይባላል። ከሐረር አካባቢ እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። በልጅነቱ ተሸጠ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በዓረብ ነጋዴዎች እጅ ለእጅ ተላልፎ ባግዳድ ደረሰ። እዚያ የገዛው ነጋዴ አስተማረው፣ አሰለመው፣ አምባር ብሎም ጠራው። ከዚያ ወደ ህንድ መጣ፤ የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሚኒስትር የነበረው ቻንጊዝ ኻን ገዛው። የሚገርመው ቻንጊዝ ኻን ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። ደቡብ ህንድ ውስጥ በዚያ ዘመን ሱልጣኖች ሐበሻ ወታደሮችን ይፈልጉ ነበር። ዘመድ የላቸውም፣ ከአካባቢው መኳንንት ጋር አይወግኑም፣ ታማኝነታቸው ለጌታቸው ብቻ ነው ይሉ ነበር። ጌታው ሲሞት ወታደሩ ነፃ የሚወጣበት ዕድል ነበረ። አምባርም ቻንጊዝ ኻን ከሞተ በኋላ ነፃ ወጣ። ጥቂት ፈረሰኞች ሰበሰበ፤ ጥቂቶቹ ብዙ ሆኑ። ሰሜን ህንድን የገዙት ሙጋሎች በ1600 የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ እሱ ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ሰው ፈልጎ ዙፋን ላይ አስቀመጠና በስሙ ሀገሩን መራ። እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሙጋሎች ወደ ደቡብ እንዳያልፉ አንቆ የያዛቸው እሱ ነው። ፊት ለፊት አይገጥማቸውም። ቀላል ፈረሰኞቹን ልኮ ስንቃቸውን ይቆርጣል፣ ሌሊት ይመታል፣ ወደ ተራራ ይሰወራል። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ከመጥላቱ የተነሳ የአምባርን የተቆረጠ ራስ እንጨት ላይ ሰክቶ በቀስት ሲወጋው የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። በሕይወቱ ግን አልነካውም። ሥዕሉን ስልኬ ላይ ለልጆቹ አሳየኋቸው፤ ልጄ አተኩሮ አይቶት «ንጉሡ በጣም ተናዶ ነበር ማለት ነው» አለ።

ድረ ገጽ ላይ የእኛ ሰዎች «ህንድን የገዛው ኢትዮጵያዊ ንጉሥ» እያሉ ሲጽፉለት አያለሁ። ንጉሥ አልነበረም፤ አንጋሽ ነበር። ህንድንም ሁሉ አልገዛም። ይህን የምለው ላሳንሰው ብዬ አይደለም። እንዲያውም እውነተኛው ታሪክ ከፈጠራው ይበልጣል። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሲጻፍለት ብዙ ጊዜ የልጅነቱ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። «በባርነት ተወስዶ» ይባልና ወዲያው ወደ ድሉ ይኬዳል። ማን ሸጠው? በየትኛው መንገድ ወረደ? እሱ በሄደበት መንገድ ሄደው ጄኔራል ያልሆኑት፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ልጆችስ? የሸጡት በከፊል የእኛው ሰዎች ናቸው። ለልጆቼ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትችለዋለች። ትንሹ ግን ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እናቱ ፈለገችው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እማዬ ከፊት ወንበር ዞር ብላ «ትፈልገዋለች እንጂ! የማትፈልግ እናት አለች?» አለችው። እሱም «አላገኘችውማ» አለ። እማዬ «አላገኘችውም፣ ልጄ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ማግሥቱን ኤሎራ ሄድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለው ረጅም ገደል ተፈልፍሎ 34 ዋሻዎች ተሠርተውበታል። 12ቱ የቡዲስት፣ 17ቱ የሂንዱ፣ አምስቱ የጃይን ናቸው። የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ ገደል ጎን ለጎን ፈልፍለዋል። ሁሉንም ለማየት መሞከር ልጅና አያት ይዞ አይሆንም። እኛ ቀጥታ ወደ 16ኛው ሄድን።

16ኛው ዋሻ ቢባልም ዋሻ አይደለም። ካይላሳ ይባላል፣ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን የራሽትራኩታው ንጉሥ አንደኛ ክሪሽና ያሠራው እንደሆነ ይታወቃል። ከገደሉ አናት ጀምረው በሦስት ወገን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ መሀል ላይ የቀረውን አለት ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ ሕንፃ አደረጉት። ከግቢው ወለል እስከ ጫፉ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ጣሪያ፣ ምሰሶ፣ ድልድይ፣ ደረጃ፣ ሕንፃውን በጀርባቸው የተሸከሙ የሚመስሉ ዝሆኖች፤ ሁሉም አንድ ድንጋይ ነው።

እማዬ ለገና በእግሯ ላሊበላ የሄደች ሰው ናት። በሩን አልፋ ግቢው ውስጥ ስትገባ ነጠላዋን አስተካከለች። ሂንዱ አይደለችም፣ ልትሰግድም አልገባችም፤ ግን እንዲሁ እጇ ሄደ። ቀስ ብላ ዙሪያውን ዞረች። ከኋላ በኩል ጥላው ውስጥ ስንደርስ ቆመችና አስጎብኚውን ጥያቄ ጠይቂልኝ አለችኝ። «የጠረቡትን ድንጋይ የት አደረሱት?» በመቶ ሺህ ቶን ስለሚገመት ድንጋይ ነው የጠየቀችው። አስጎብኚው ሳቀ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነው የሳቀው። ሰው ሁሉ ስለ አማልክቱ ስም እንጂ ስለዚህ አይጠይቀኝም አለ። ለመልስ ያህል ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። እማዬ «ላሊበላም እንደዚሁ ነው፤ የት እንደጣሉት የሚነግርህ የለም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከጎን ባለው ዳገት ተወጥቶ ከላይ ቁልቁል ማየት ይቻላል። ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሲያዩ ደረት ውስጥ የሚሰማው ነገር አለ፤ እዚህም ያው ተሰማኝ። ወደ ታች ስንመለስ ልጄ በግድግዳው ላይ ያለውን የመሮ ምልክት አገኘ። የገደሉ ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች እየተጋደመ የወረደ ጭረት አለ፤ እያንዳንዱ አንድ ምት ነው። ጣቱን ጭረቱ ውስጥ አስገብቶ በርዝመቱ ጎተተው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ከ1,200 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ክንዱን የሰነዘረበት አቅጣጫ በግልጽ ይታያል። አንዳንድ ቅርጾች ላይ ደግሞ ነጭ ልስን ተርፏል፤ በዘመኑ ይህ ሁሉ ጥቁር አለት ነጭ ተቀብቶ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ካይላሳ በልማድ ከሚነገረው የላሊበላ ዘመን በአራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፣ ፉክክር ይመስለዋል። እማዬን ግን ቅንጣት አላስጨነቃትም። «እነዚህም ጸልየውበታል» ብቻ ነው ያለችው።

ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ኹልዳባድ አለ። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ጣሪያ የሌለው፣ አፈር ብቻ የለበሰ ተራ መቃብር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ደግሞ የማሊክ አምባር መቃብር አለ። ጉልላት ያለው የጥቁር ድንጋይ ሕንፃ ነው። አጠገቡ የባለቤቱ የቢቢ ካሪማ መቃብር አለ። ኤሎራ በር ላይ የነበረው ግርግር፣ የአንገት ጌጥ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው እዚህ የለም። ፍየሎች ነበሩ፣ ሁለት እረኛ ልጆችም። ልጆቹ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ሹፌራችን «ከሀበሽ ሀገር» ብሎ ነገራቸው። አንደኛው ወደ መቃብሩ ጠቁሞ በሂንዲ አንድ ነገር አለ። ሹፌሩ ተርጉሞ «የእናንተ ሰው ነው ይላል» አለኝ። እኔ ያን ቀን አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ማታ ፓንቻኪ ሄድን፣ በውኃ የሚዞር የድሮ ወፍጮ ነው። አምባር በ1610 ከተማዋን ኻድኪ ብሎ ሲቆረቁር የመጀመሪያ ጭንቀቱ ውኃ ነበር፤ አካባቢው ደረቅ ነው። ከሰሜን ኮረብቶች ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይና በሸክላ ቱቦ ውኃ ወደ ከተማዋ አመጣ። ናህረ አምባሪ ይባላል፣ የአምባር ወንዝ። በኋላ የመጡ ገዢዎች ሌሎች ቦዮች እየጨመሩበት ሄዱ፤ የፓንቻኪ ውኃም በዚያው ዘዴ ከኮረብታ ወርዶ የሚመጣ ነው። ኩሬው ዳር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ባለቤቴ የውኃ መሐንዲስ ነው፤ ከዚህ ጉዞ ሁሉ ልቡን የያዘው ያን ምሽት ነው። የግፊቱን፣ የተዳፋቱን፣ አየሩ የሚወጣበትን ማማ ነገር ለልጆቹ በእስክሪብቶ ናፕኪን ላይ ሣለላቸው። ስለ ጦርነቱ ሲወራ የሰለቻት ትልቋ ልጄ ለዚህ ነቃች። በትምህርት ቤቷ ለቀረበው ሥራም ይህንኑ መርጣ ሠራች።

አጃንታንም አይተናል። ከአውራንጋባድ 100 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፣ ግን ዋሻዎቹ ጨለማ ናቸው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ልጆች ቶሎ ይደክማሉ። ዓይኗ ገና እያገገመ ላለች እናትም አልተመቸም። ቤተሰብ ይዞ አንዱን ብቻ ለሚመርጥ ኤሎራ ይበልጣል።

የባሕሩ ጉዞ ከአጂ ቤተሰብ ጋር ነበር። ከፑኔ ተራራውን ወርደን ወደ ኮንካን ዳርቻ ሄድን። መጀመሪያ ካሺድ። አሸዋው ነጣ ያለ፣ ከኋላው ዛፍ የበዛበት የባሕር ዳርቻ ነው። ልጆቼ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ባሕር ከሌላት ሀገር የመጣ ልጅ ሞገድ ሲያይ የሚያደርገውን ማየት ዋጋ አለው። ትንሹ ሮጠ፣ ቆመ፣ ሞገዱ እግሩን ሲነካው ጮኸ፣ ከዚያ ምላሱን አስነክቶ «እውነትም ጨው ነው!» አለ። የህንድ ቤተሰብ ባሕር የሚገባው ከነልብሱ ነው። አጂ ሳሪያቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ሰብስበው፣ የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ማንም የዋና ልብስ ለብሶ አላየሁም። ለእኔ ይህ እፎይታ ነበር፤ ሐበሻ እናትም እንዲህ ነው የሚመቻት። ከሰል ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በሎሚ፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው ይሸጣሉ። አንዴ የቀመሰው ሰው እሸትን በባዶ መብላት አይሆንለትም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፤ ካሺድ ወደ ውስጥ የሚስብ ሞገድ አለው፣ ሰውም ሰጥሞበታል። ልጅ ከጉልበት በላይ እንዳይገባ። በዝናቡ ወራት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

በማግሥቱ ሙሩድ ወርደን ከራጃፑሪ በሸራ ጀልባ ወደ ባሕሩ ምሽግ፣ ወደ ጃንጂራ ተሻገርን። ምሽጉ ደሴቱን ሙሉ ይሸፍነዋል፤ ግንቡ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ነው። ዋናው በር ከሩቅ አይታይም። ጀልባው ግንቡ ሥር ሲደርስ ብቻ በሁለት ማማዎች መሀል ብቅ ይላል። ሞገዱ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት ቀዛፊዎቹ ሰውን አንድ በአንድ እጁን ይዘው ደረጃው ላይ ያሳርፉታል። አጂን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው። በሩ ጎን ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ አውሬ አለ፤ በጥፍሮቹ ዝሆኖች ጨብጧል። ባለቤቶቹ ለሚመጣ ጠላት የሚሉት ነበራቸው ማለት ነው።

እዚህ የገዙት ሲዲዎች ናቸው፣ በባርነትም በንግድም በወታደርነትም ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች። ከ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ መንግሥታቸው ቆይቶ ከነፃዋ ህንድ ጋር የተቀላቀለው በ1948 ነው። የዚህ አካባቢ ተዋጊ ሕዝብ የሆኑት ማራታዎች ደጋግመው ሞከሩት፣ አልተሳካም። የማራታዎቹ ንጉሥ የሺቫጂ ልጅ ሳምባጂ ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊያበጅ ሁሉ ተነስቶ ነበር። ምሽጉ ውስጥ ሁለት ትላልቅ የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎች አሉ። ዙሪያውን ጨው ባሕር ነው፣ መሀሉ የሚጠጣ ውኃ። ለዚህ ነው ከበባ ያላንበረከካቸው።

የማሃራሽትራ ልጆች 4ኛ ክፍል ላይ የሚማሩት ታሪክ የሺቫጂ ታሪክ ነው። ሺቫጂ እዚህ እንደ አባት ይወደዳል። የአጂ የልጅ ልጅና የእኔ ልጅ የክፍል ጓደኛሞች ናቸው። ግንቡ ላይ ቆመን ሺቫጂ ያሠራው የፓድማዱርግ ምሽግ ከማዶ ሲታይ፣ ልጁ ለልጄ «ሲዲዎች የእኛ ጠላት ነበሩ። አንተ የእነሱ ወገን ነህ» አለው። ክፋት የለውም፤ የተማረውን ነው የተናገረው። ልጄ ግን ፊቱ ተለወጠ።

እዚህ ጋ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁለቱንም ቁጭ አድርጌ አንድ ነገር ነገርኳቸው። የሺቫጂ አያት ማሎጂ ለአሕመድናጋር ሱልጣኔት ያገለገለ ሰው ነበር፤ ከማሊክ አምባር ጋር በአንድ ወገን። የሺቫጂ አባት ሻሃጂም በ1624 አሕመድናጋር አጠገብ በተካሄደው የባትቫዲ ጦርነት ከአምባር ሠራዊት ጋር ሆኖ ተዋግቷል። በፈረስ መትቶ ወደ ተራራ የመሰወሩን ስልት ማራታዎች አብረውት ተዋግተውበታል፤ ሺቫጂም በኋላ በዚያው መንገድ ሙጋሎችን አስጨንቋል። ጃንጂራ ላይ ተዋጉ፣ እውነት ነው። ባትቫዲ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ያም እውነት ነው። አጂ በማራቲ ሲተረጎምላቸው ሰሙ። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው የተናገሩትን ምራታቸው ነገረችኝ፤ «የአባትህ ወዳጅ የልጅ ልጅ ነው፣ ውኃውን አካፍለው» ነው ያሉት። ልጁ ኮዳውን አቀበለው። ወዲያው መድፍ ላይ ሊወጡ ተሯሯጡ።

ከግንቡ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲታይ የዓረብ ባሕር ብቻ ነው። ከዚያ ማዶ ኤደን፣ ዘይላ፣ ምፅዋ አሉ። የድሮ መርከቦች ከቀይ ባሕር ወደዚህ የሚመጡት በበጋችን ሳይሆን ክረምቱን በሚያመጣው ነፋስ ነበር፣ የሚመለሱትም ነፋሱ ሲዞር። እኛ ሀገር ሰኔ ሲገባ የሚጀምረው ዝናብና እዚህ ጃንጂራን የሚያስዘጋው ዝናብ በአንድ ወቅት ነው የሚወርዱት። ያ ነፋስ እነዚያን ልጆች አመጣ። አንዳቸውንም አልመለሰም ለማለት ግን አልደፍርም፤ አንዳንዱ ተመልሶ ይሆናል ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ።

ጎዋም የምንሄደው ለባሕሩ ብቻ እንዳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ወደ ፖርቱጋል ሲላክ ጎዋ የደረሰው በ1512 ነው። በ1541 ደግሞ ለአፄ ገላውዴዎስ እርዳታ ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ፖርቱጋሎች ከጎዋ በተነሳ የጦር መርከብ ነው ምፅዋ የደረሱት። አሮጌው ጎዋ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሲጎበኝ ይህን የሚያስታውስ ሐበሻ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ለመሄድ ለምታስቡ። ኤሎራ ማክሰኞ፣ አጃንታ ሰኞ ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቁ መጥተው የሚመለሱ ቤተሰቦች አይቻለሁ። እኛ ስንሄድ መግቢያው ለህንዳዊ 40፣ ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነበር፣ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ይገባል። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደስ ይላል። ሚያዝያና ግንቦት ድንጋዩ ራሱ ያቃጥላል፣ አያት ይዞ አይሆንም። ኹልዳባድ መቃብሩ ጋ ስትሄዱ ከኤሎራ ቀጥላችሁ ሂዱ፤ ለሹፌሩ ቀድማችሁ ንገሩት፣ የሚያውቀው ሹፌር ጥቂት ነው። ከልጅ ጋር በቀን ከአንድ ትልቅ ቦታ በላይ አትያዙ።

እኛ በመጪው ታኅሣሥ አሕመዳባድ እንሄዳለን። እዚያ ሲዲ ሰዒድ የሚባል ሐበሻ በ1573 ያስጨረሰው መስጊድ አለ። መስኮቱ ላይ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ዛፍ ከድንጋይ ተፈልፍሎበታል፤ የከተማዋ ምልክት ሆኗል። እማዬ ለዓይኗ ክትትል በዚያው ወር ተመልሳ ስለምትመጣ ጉዞውን ከእሷ ቀጠሮ ጋር አገጣጥመነዋል። አጂም እመጣለሁ ብለዋል። ሁለቱ አንድ ቋንቋ አይችሉም፣ ግን ባለፈው ጥር ሳሎናችን ውስጥ ጥጥ እየፈተሉና እያሳዩ ግማሽ ቀን አብረው ዋሉ። ባቡሩ የሌሊት ነው። የታችኛው አልጋ ለሁለቱ ተይዟል።